በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ቀን

ባሕር ዳር ውስጥ ጡረታ የወጣ መኮንን ከነወረቀቱ ማየት ብርቅ አይደለም። ጣና ዳር ዘንባባው ሥር ይቀመጣል፤ ጉልበቱ ላይ ፌስታል፣ ከፌስታሉ ውስጥ ክላሰር፣ ከክላሰሩ ውስጥ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ የደረሰ ደብዳቤ። አጠገቡ ያለው ጓደኛው መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ ደብዳቤውን ይቀበለዋል፤ ከላይ እስከ ታች አያነበውም፤ ጣቱን በቀጥታ "ከ… ቀን ጀምሮ" ወደሚለው መስመር ይወስዳል። ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ማዕረጉን ማንም አልካደውም፤ ሻምበል ሻምበል ነው። ያከራከረው መቼ ሻምበል እንደሆነ ነው።

ይህን መጻፍ የፈለግሁት የቀን ስህተት እንደ ተራ ነገር ስለሚታይ ነው። "ለአምስት ወር ብለህ አዲስ አበባ ድረስ ትመላለሳለህ?" ይባላል። ባለጉዳዩም አፍሮ ዝም ይላል፤ ዝም ባለ ቁጥር ስህተቱ ከአንዱ ቅጽ ወደ ሌላው እየተገለበጠ እውነት ይሆናል። የተሳሳተ ቀን ብቻውን አይኖርም። መኮንኖች በአንድ ማዕረግ ላይ ሲሆኑ ማን ማንን እንደሚቀድም የሚታየው ማዕረጉን ባገኙበት ቀን ነው፤ ቀደምትነት የሚባለው እሱ ነው። ለቀጣዩ ማዕረግ የሚያስፈልገው የቆይታ ጊዜም የሚቆጠረው ከዚያው ቀን ነው፤ ስለዚህ የሻምበልነቱ ቀን በጥቂት ወራት ቢዘገይ የዚያን ዙር የሻለቃነት ዕጩነት ሊያሳጣው፣ የሚቀጥለውን ዙር ሊያስጠብቀው ይችላል። የአምስት ወር ስህተት በዚህ መንገድ የዓመትና ከዚያ በላይ ይሆናል።

ከዚያ ደግሞ ገንዘቡ አለ። በ2014 በሌላ አዋጅ በተተካው በአዋጅ ቁጥር 714/2003 የጡረታ አበል ይሰላ የነበረው አገልግሎቱ ከማብቃቱ በፊት ባሉት 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነበር። 10 ዓመት ላገለገለ 30 በመቶ፤ ከ10 በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሠራዊት አባል 1.65 በመቶ ይጨመር ነበር፤ ለሲቪሉ 1.25 ነበር። ጣሪያው 70 በመቶ ነበር። በዚያው ስሌት በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ብዬ የወሰድኳቸው ናቸው። አንድ መኮንን 25 ዓመት አገልግሏል፤ በቀድሞው ማዕረግ 6,000 ብር፣ በአዲሱ 7,500 ብር ይከፈለው ነበር። ዕድገቱን ያገኘው ጡረታ ከመውጣቱ 24 ወር በፊት ከሆነ የ36 ወሩ አማካይ 7,000 ብር ነው። ፋይሉ ላይ ግን 12 ወር በፊት ተብሎ ከተመዘገበ አማካዩ 6,500 ይሆናል። የ25 ዓመት አገልግሎት 54.75 በመቶ ያስገኛል፤ ልዩነቱ በወር 273 ብር ከ75 ሳንቲም ነው። ይህ በየወሩ፣ ዕድሜ ልክ ነው። ሲሞት ደግሞ ባለቤቱ የምታገኘው ከእሱ አበል 50 በመቶ ስለሆነ፣ አንድ ጸሐፊ በችኮላ የጻፈው ቀን መበለቲቱ ቤት ድረስ ይከተላታል።

እንግዲህ ስህተቱ የት እንደሚገባ በቅርብ እንየው። አንድ የዕድገት ደብዳቤ ፊታችሁ ዘርጉ። በቀኝ በኩል ከላይ "ቁጥር" እና "ቀን" አለ፤ ቀኑ መጋቢት 14 ቀን 2008 ይላል እንበል። መሀሉ ላይ "ከጥር 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሻምበልነት ማዕረግ የተሰጠዎት መሆኑን እናስታውቃለን" ይላል። ከታች ፊርማ፣ ቲተርና ክብ ማኅተም። ጠርዙ ላይ ደግሞ ደብዳቤው የደረሰበት ክፍል የመታው "ገቢ" የሚል ማኅተም አለ፤ በእጅ ጽሑፍ ሰኔ 2 ቀን 2008 ተብሎበታል። አንድ ገጽ፣ ሦስት ቀን። ከላይ ያለው ደብዳቤው የተጻፈበት ነው። ጠርዙ ላይ ያለው ደብዳቤው የገባበት ነው። ማዕረጉ የጸናው ግን መሀል በተጻፈው ነው።

የመኮንኑን የግል ማህደር ካርድ የሚሞላው ጸሐፊ የሚሳሳተው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ከላይ ያለው ቀን ለብቻው ተቀምጦ ስለሚታይ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ የገቢውን ቀን ደግሞ ራሱ ስለጻፈው ያምነዋል። የመሀሉ ቀን በረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተሸሽጓል። ሠላሳ አርባ ደብዳቤ ተደራርቦ ሲጠብቀው አንዱን ይመርጣል። መጋቢት 14ን ከመረጠ መኮንኑ 2 ወር ከ13 ቀን ያጣል፤ ሰኔ 2ን ከመረጠ 5 ወር ከ1 ቀን።

ከዚህ የሚከብደው ደብዳቤው መሀል ላይ ምንም ቀን የሌለበት ጊዜ ነው። "የሻምበልነት ማዕረግ ተሰጥቶዎታል" ብሎ ያበቃል። እንዲህ ሲሆን ደብዳቤው ብቻውን አያድናችሁም፤ ወደ ውሳኔው መውጣት ያስፈልጋል። ዕድገት ለአንድ ሰው ብቻ የሚጻፍበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የስም ዝርዝር ያለበት አባሪ አለ፤ ቀኑም በዝርዝሩ አናት ወይም በሸኚው ደብዳቤ ላይ ይቀመጣል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ አብረው ካደጉት ጓደኞች የአንዱ ፋይል ትክክለኛውን ቀን ይዞ ሊገኝ ይችላል። የጓደኛ ደብዳቤ ለእናንተ ዕድገት ቀጥተኛ ማስረጃ አይሆንም፤ ግን ያው የውሳኔ ቁጥር እላዩ ላይ ካለ መዝገብ ቤቱ የትኛውን ፋይል መፈለግ እንዳለበት ይጠቁማል። እንዲህ ያለ ጥቆማ ዋጋው ትልቅ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው፤ እኔ እንደማየው ከሁሉም የሚያሳዝነው ስህተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ሰዎች ሁለቱም ተጠንቅቀው ሠርተው አንድ ዓመት ይጠፋል። የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጅ ለመለወጥ 8 መደመር ይበቃል ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ግን የሚደመረው 7 ነው፤ 8 የሚሆነው የፈረንጆቹ ጥር ከገባ በኋላ ነው። ኅዳር 10 ቀን 2010 ማለት ኖቬምበር 19 ቀን 2017 ነው። አንዱ ጸሐፊ 8 ደምሮ 2018 ብሎ ኮምፒዩተር ውስጥ ያስገባዋል። ከዓመታት በኋላ ሌላው ጸሐፊ ያንን በትክክል ወደ ኢትዮጵያ ሲመልሰው ኅዳር 10 ቀን 2011 ያገኛል። ሁለተኛው ምንም አላጠፋም፤ ዓመቱ ግን ሄዷል። ስለዚህ ልዩነታችሁ ልክ አንድ ዓመት ከሆነ፣ ወሩና ቀኑም አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ ሌላ ምክንያት ከመፈለጋችሁ በፊት ይህን ፈትሹ።

የአንድ ቀን ልዩነት ደግሞ ከዘመነ ሉቃስ ይመጣል። በዘመነ ሉቃስ ጷጉሜ 6 ቀን ትሆናለች፤ ስለዚህ ዘመነ ዮሐንስ የሚገባው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ነው። 2011 ሉቃስ ነበር፤ 2012 ዮሐንስ። ጥር 1 ቀን 2012 ጃንዋሪ 10 ቀን 2020 ላይ ይውላል፤ በተለመደው ሠንጠረዥ የሠራ ሰው ግን ጃንዋሪ 9 ይላል፤ እሱ በትክክል ሲመለስ ታኅሣሥ 30 ይሆናል። አንድ ቀን ናት፤ ግን ወሩን አሻግራለች፤ የደመወዝ መዝገብ የሚሠራው በወር ነው። የደብር አለቆች ይህን ከልጅነታቸው ጀምሮ በባሕረ ሐሳብ ያውቁታል፤ ቢሮ ውስጥ ግን ሠንጠረዡ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚያየው የለም።

ሦስተኛው የኮምፒዩተሩ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራ ፕሮግራም ጥቅምት 30ን፣ ማለትም 30/02ን፣ አይቀበልም፤ ለእሱ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነውና 30 ቀን የለውም። 13ኛ ወርም አያውቅም። ጸሐፊው ማስገባት ሲያቅተው 28 ብሎ ያልፈዋል፤ ጷጉሜንም ወደ መስከረም ይገፋዋል። ጷጉሜ ወደ መስከረም ስትገፋ ደግሞ ዓመቱ ራሱ ይለወጣል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት እርማት የሚገኘው በአንድ ነገር ስለሆነ ነው፤ ቀኑ መጀመሪያ የተበላሸበትን ወረቀት በማግኘት። ውሳኔ አለ፤ ከውሳኔው አባሪ፣ ከአባሪው ደብዳቤ፣ ከደብዳቤው የክፍሉ ትእዛዝ፣ ከዚያ የግል ማህደሩ፣ ከማህደሩ የደመወዝ መክፈያው፣ በመጨረሻም የጡረታው ቅጽ። ስህተቱ ጡረታው ቅጽ ላይ ስለታየ ጡረታው ጋ የተሠራ አይደለም። ሰው ግን በሩን የሚያንኳኳው ያመመው ቦታ ላይ ነው። የጡረታው መሥሪያ ቤት ከአሠሪው መሥሪያ ቤት የተላከለትን ነው የሚያሰላው፤ "ከላኩልን ውጪ መለወጥ አንችልም" ሲል ልክ ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ዓባይ በረሃን ወርዶ፣ ወጥቶ፣ አልጋ ተይዞ፣ "ይኼ እኛን አይመለከትም" መባል ያሳምማል። ከመሄድ በፊት ሰንሰለቱ የት እንደተበጠሰ ቤት ቁጭ ብሎ ማወቅ ይቻላል።

እንዴት? ደብዳቤው ራሱ ካርታ አለው። ከፊርማው በታች "ግልባጭ" የሚለውን አንብቡ። ለፋይናንስ፣ ለሰው ሀብት፣ ለመዝገብ ቤት፣ ለአባሉ፤ እዚያ ስሙ የተጠራ ክፍል ሁሉ ያንኑ ደብዳቤ በእጁ አስገብቷል ማለት ነው። አንዱ ጋ ቢጠፋ ሌላው ጋ አለ። የእናንተ ኮፒ በጎርፍ ወይም በእሳት ቢጠፋ እንኳ የደብዳቤውን ቁጥርና ዓመተ ምሕረት ካወቃችሁ ከወጪ መዝገቡ ይገኛል። ቁጥሩ ከቀኑ ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው፤ ደብዳቤ የሚፈለገው በቁጥሩ ነው።

ከወረቀቶቹ ሁሉ የሚከበረው የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ነው፤ ገንዘብ የተንቀሳቀሰበት ስለሆነ። ደመወዙ ከጥር ጀምሮ ከፍ ብሎ ከሆነ የማዕረጉ ቀን ሰኔ ነው ማለት አይቻልም፤ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ከጥር ከፍሏል። የመክፈያ ዝርዝሩ ካልተገኘ የባንክ ደብተር ወይም የባንክ እስቴትመንት ይረዳል። አንዳንዴ ደግሞ ደመወዙ ያደገው ሰኔ ላይ ሆኖ፣ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ለብቻው የገባ አንድ ትልቅ ቁጥር ይታያል፤ እሱ ውዝፉ ነው። ያንን ቁጥር በማዕረጎቹ የደመወዝ ልዩነት አካፍሉት፤ ስንት ወር እንደሆነ ይነግራችኋል። ልዩነቱ 1,500 ብር ሆኖ ያልተጣራው ውዝፍ 7,500 ብር ከሆነ 5 ወር ነው፤ ከጥር እስከ ግንቦት። እጅ የገባው ግብርና የጡረታ መዋጮ ተቀንሶበት ስለሚሆን ትንሽ ያንሳል፤ ሰውየውን አያደናግረው። ሰኔ ላይ አድጎ ውዝፍም ሳይከፈል የቀረ ከሆነ ግን እውነቱን እወቁት፤ ያ መዝገብ በእናንተ ላይ ይነበባል። ደብቆ ከማለፍ ይልቅ ማመልከቻው ውስጥ ራስ ጠቅሶ "ውዝፉ አልተከፈለኝም" ማለት ይሻላል። ሌላ ሰው ቢያወጣው ማመልከቻው በሙሉ ይጠረጠራል።

ማመልከቻው ላይ ሰው ብዙ ይሳሳታል፤ ደጋግሜ የማየው ስህተትም አንድ ነው። የአገልግሎት ታሪክ ይጻፋል፤ የትኛው ግንባር እንደተዋጋ፣ የት እንደቆሰለ፣ ስንት ልጅ እንዳለው። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ክብር የሚገባው ነው። ግን ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው የሚያወዳድረው ሁለት ወረቀት ነው፤ ሁለቱን ወረቀቶች ለማግኘት ሦስት ገጽ ማንበብ ካለበት ማመልከቻው ሌላ ቀን ይቆየዋል። ልመና ደግሞ ጉዳዩን ይጎዳዋል፤ ቸርነት የሚጠየቅበት ይመስላል። የሚጠየቀው ቸርነት አይደለም፤ ሁለተኛው ወረቀት ከመጀመሪያው ጋር እንዲስማማ ነው።

አንድ ገጽ ይበቃል። "ጉዳዩ፡- የማዕረግ ዕድገት ቀን እንዲታረም ስለመጠየቅ" ተብሎ ይጀመራል። ከዚያ፦ "በቁጥር … በቀን መጋቢት 14/2008 በተጻፈ ደብዳቤ ከጥር 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሻምበልነት ማዕረግ የተሰጠኝ መሆኑ ተገልጾልኛል (አባሪ 1)። በግል ማህደሬ ላይ ግን ሰኔ 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ተብሎ ተመዝግቧል (አባሪ 2)። ሰኔ 2 ደብዳቤው ወደ ክፍሉ ገቢ የሆነበት ቀን መሆኑን ከደብዳቤው ላይ ከተመታው የገቢ ማኅተም መረዳት ይቻላል። ስለዚህ የማህደሬ ቀን በደብዳቤው መሠረት ጥር 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ተብሎ እንዲስተካከልልኝ፣ እርማቱም ለፋይናንስና ለጡረታ ጉዳይ ክፍል በግልባጭ እንዲገለጽልኝ አመለክታለሁ።" አበቃ። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ከሁሉ ይበልጣል፤ ስህተት መኖሩን ብቻ ሳይሆን ከየት እንደመጣ ያሳያል። ከየት እንደመጣ የታወቀ ስህተትን ማረም ለኃላፊው አያስፈራም፤ ምንጩ ያልታወቀን ቀን መለወጥ ግን ነገ ኦዲተር ሲመጣ የሚያስጠይቀው ይመስለዋል፤ እውነት አለው። የግልባጩ ጥያቄም አይቅር። ሰው ሀብት አርሞ ፋይናንስ ሳያውቅ የሚቀር እርማት ብዙ ነው።

የአቀራረቡን ነገር ቶሎ ልለፈው። ኦሪጅናል ከእጅ አይውጣ፤ የሚያያዘው ኮፒ ነው፤ ሲቀርብ ኦሪጅናሉ ይታይና "ከኦሪጅናሉ ጋር ተገናዝቧል" ተብሎ ይፈረምበት። የማኅተም ቀለም ይደበዝዛልና፣ በተለይ ክረምቱን ሣጥን ውስጥ እርጥበት የነካው ወረቀት ላይ፣ ስካን ሲደረግ በጥቁርና ነጭ ሳይሆን በቀለም ይሁን፤ ጥቁርና ነጭ ኮፒ ላይ የደበዘዘ ሐምራዊ ማኅተም ጭራሽ ላይወጣ ይችላል። ማመልከቻው በሁለት ኮፒ ይሁን፤ አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመትታችሁ ይዛችሁት ተመለሱ። ያለ ገቢ ቁጥር የገባ ማመልከቻ እንዳልገባ ነው።

የስም ነገርም አለ። አንዱ ወረቀት "ኃይለ ማርያም" ነጣጥሎ፣ ሌላው "ሃይለማርያም" አጋጥሞ፣ ሦስተኛው ላይ የአያት ስም ሳይኖር ይቀራል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለፋይሉ ሦስት ሰው ነው። የስሙን ልዩነት ከቀኑ እርማት ጋር ቀላቅሎ ከመጠየቅ በፊት፣ የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አስቀድሞ ማውጣት ጊዜ ያተርፋል።

መልሱ በሦስት መልክ ይመጣል። ከሁሉም የሚከፋው የቃል መልስ ነው። "ጋሼ፣ ይኼ እኮ ቆይቷል፤ አሁን ምን ያደርግልዎታል?" ይላል ወጣቱ፣ በአክብሮት። "ልጄ፣ ቆይቷል ያልከውን ጻፍልኝ" ማለት ተገቢ ነው። የቃል መልስ ላይ ይግባኝ የለም። የጽሑፍ እምቢታ መጥፎ ዜና ቢመስልም ለቀጣዩ እርምጃ መቆሚያ ነው፤ ምክንያቱን ይናገራልና። "ማስረጃ አልቀረበም" ካለ የቀረውን ማቅረብ ነው፤ "ሥልጣናችን አይደለም" ካለ የማን እንደሆነ መጠየቅ ነው። ሦስተኛው ዓይነት መልስ "ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል" የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ የተመራበትን ቁጥርና ክፍል መያዝ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ከሁለት ወር በኋላ ፍለጋው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

በዕዝ ሰንሰለቱ ወደ ላይ ሄዶ ሰሚ ያጣ ሰው ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ይላካል፤ ባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው። ከመሄድ በፊት ግን አንድ ነገር ይታወቅ፤ ተቋሙ የተቋቋመበት አዋጅ ቁጥር 211/1992 የመከላከያና የጸጥታ ክፍሎች በብሔራዊ ደኅንነትና በመከላከያ ጉዳይ የሰጡትን ውሳኔ እንዳይመረምር ይገድበዋል። ስለዚህ አቤቱታው "ማዕረግ ከለከሉኝ" ተብሎ ከቀረበ በሩ ላይ ሊመለስ ይችላል። ጉዳዩ ግን የማዕረግ ውሳኔውን መቃወም አይደለም፤ ውሳኔው እንደተሰጠ ይመዝገብ ማለት ነው፤ የመዝገብ አያያዝ ነው። በዚህ ልክ መቅረብ አለበት። የጡረታ ስሌቱን ብቻ የሚመለከት ቅሬታ ደግሞ የራሱ መንገድ አለው፤ ወደ ማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ ነው የሚሄደው። ሁለቱን ማቀላቀል ሁለቱንም ያዘገያል።

ከሌላ አገር አንድ ነገር ልጥቀስ፤ በአሜሪካ ጦር የሚያገለግሉ አማርኛ ተናጋሪዎች ስላሉም፣ አሠራሩም ነገሩን ጥርት አድርጎ ስለሚያሳይም። እዚያ እስከ 1946 ድረስ በፈረንጅ፣ የወታደር መዝገብ ላይ ያለ ስህተት የሚታረመው ብዙ ጊዜ ምክር ቤቱ ለአንድ ሰው ብቻ በሚያወጣው ሕግ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣ ሕግ ሥራውን ከምክር ቤቱ አንሥቶ ለእርማት ቦርዶች ሰጠው። ቦርዱ ላይ የሚቀመጡት ሲቪሎች ናቸው፤ ማመልከቻው ቅጽ 149 በሚባለው ይቀርባል፤ ስህተቱ ከታወቀ በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ቦርዱ ግን ፍትሕ ይጠይቃል ብሎ ካመነ ጊዜውን ያልፈዋል። መዝገቡ ትክክል እንደሆነ ይገመታል፤ አይደለም የሚለው ማስረዳት አለበት። ከሠራዊቱ ሙያተኞች አስተያየት ከተጠየቀ ደግሞ አስተያየቱ ለአመልካቹ ይላካል፤ መልስ እንዲሰጥበት።

እነሱ ሁለት ቀን ለይተው ይይዛሉ፤ ቀደምትነት የሚቆጠርበት የማዕረግ ቀንና ክፍያው የሚጀምርበት ተፈጻሚ ቀን። ሁለቱ አንድ ሊሆኑም ላይሆኑም ይችላሉ። ናሽናል ጋርድ በሚባለው፣ በየግዛቱ ባለው ብሔራዊ ዘባቸው ውስጥ ያለ መኮንን ግዛቱ ካሳደገው በኋላ የፌዴራሉ ዕውቅና እስኪደርሰው ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ በመሀሉ የጠፋው ጊዜ ለቦርዶቹ ከሚቀርቡት ክርክሮች አንዱ ነው። የእኛው ሦስት ቀን ነው፤ አገሩ ቢለያይም ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ የቆየበት ጊዜ ከሰውየው ዕድሜ ይቀነሳል። ሕጋቸው ቦርዱን የሚያሠራበት ሁለት ቃል አለው፤ ስህተት ወይም ኢፍትሐዊነት። ከሁለቱ በአንዱ ብቻ ማመልከት ይቻላል። እኛ ጋ ሁለተኛው ቃል የመጀመሪያውን ይውጠዋል፤ ልባችን ስለቆሰለ በደሉን እንጽፋለን፣ ስህተቱን ሳናሳይ። በደልን መመዘን ከባድ ነው፤ ሰኔ 2 የገቢ ማኅተም ቀን መሆኑን ማየት ግን ደቂቃ አይፈጅም።

ባለማዕረጉ ካረፈ በኋላ ጉዳዩ የሚከብድበት ምክንያት ሕጉ ብቻ አይደለም። ባለቤቱ ወረቀቱ የት እንዳለ ላታውቅ ትችላለች፤ የክፍሉን ስም በቅጽል ስሙ ነው የምታውቀው፤ የደብዳቤ ቁጥር የሚባለውን አይታው አታውቅም። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት፣ ልጇ የሚሄድላት ከሆነ ውክልና ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ይሠራል። ግን በሕይወት ሳለ አንድ ከሰዓት ቁጭ ብሎ፣ የትኛው ማዕረግ በየትኛው ቁጥር ደብዳቤ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደተሰጠው፣ በዚያን ጊዜ የነበረበትን ክፍል ጨምሮ በአንድ ገጽ ጽፎ ክላሰሩ ፊት ላይ ቢያስቀምጥላት ዓመት ያተርፍላታል። ልጆቹ ቃላቱን ባይረዱ እንኳ ቁጥሩን ያነባሉ።

የእርማቱ ደብዳቤ የመጣ ቀን ደስታው ትልቅ ነው፤ ሰው ወዲያው አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። ቆም ብላችሁ አንብቡት። እሱም ከላይ ቀን አለው፤ ነሐሴ 20 ቀን 2016 ይላል እንበል፤ ነገ ጠርዙ ላይ የገቢ ማኅተም ይመታበታል። መሀሉ ላይ "ከጥር 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ተብሎ እንዲስተካከል" የሚል ግልጽ መስመር ከሌለው፣ "ማዕረጉ ተስተካክሏል" ብቻ ካለ፣ ያንኑ ዕለት ይመለስ፤ ያለዚያ ካርዱን የሚሞላው ሰው ደግሞ ነሐሴ 20ን ያገኛል። ግልባጩ ውስጥ ፋይናንስና ጡረታ መጠራታቸውን እዩ። ከአንድ ወር በኋላ ፋይናንስ ሄዳችሁ ደብዳቤው በስንት ቁጥር ገቢ እንደሆነ ጠይቁ፤ ማህደሩንም ለማየት አመልክቱ፤ የድሮው ቀን ላይ ተሰርዞበት፣ አዲሱ ተጽፎ፣ አጠገቡ የእርማት ደብዳቤው ቁጥርና ያረመው ሰው ፊርማ መኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ።